ሁለተኛውን ራጅ ያስቀረብኝ ቅናት

ቀኝ እግሬ ላይ ያለኝ ሦስት ጣት ብቻ ነው። ያየ ሰው ሁሉ «መጥረቢያ ነው? መኪና ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። «ፈንገስ አጥንቴን በልቶት ነው» ስል ብዙው አያምነኝም። ፈንገስ ሲባል ሰው የሚያውቀው በጣቶች መካከል የሚያሳክከውን ወይም በልጆች ራስ ላይ የሚወጣውን ጭርት ነው። ሥጋ አልፎ አጥንት ውስጥ ገብቶ እንደሚቀመጥ እኔም አላውቅም ነበር። እንዴት እንደጀመረኝ፣ እንዴት እንደዳንሁ እጽፋለሁ። ከፈንገሱ ጋር አብሮ የያዘኝን ሌላውን ነገርም እጽፋለሁ፤ ለሕክምና ያዘገየኝ እሱ ነውና።

አገሬ በማንኩሳና በፍኖተ ሰላም መካከል ነው። ስማቸው እባላለሁ፤ ገበሬ ነኝ፤ በቆሎና በርበሬ አመርታለሁ፤ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሚስቴ ይርገዱ ትባላለች፤ አንዲት ሴት ልጅ አለችን። አንሙት የሚባል በዘጠኝ ዓመት የሚያንሰኝ ታናሽ ወንድም አለኝ። አባታችን ሲሞት ገና ልጅ ስለነበር ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ለአቅመ አዳም ከደረሰ በኋላም ከእኛው ጋር ይኖር ነበር።

አንድ ጊዜ የበርበሬ ማሳዬን በእሾህ ሳጥር የግራር እሾህ ከትንሿ ጣቴ ሥር፣ ውስጥ እግሬን ወጋኝ። በወረንጦ አወጣሁት፤ ጫፉ ግን ተሰብሮ ቀረ። ሁለት ሦስት ቀን አነከስሁና ረሳሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ባቄላ የምታህል እብጠት ወጣች። አታምም። ያታለለኝም አለማመሟ ነው። የሚያም ነገር ሰውን ያስሮጣል፤ ያቺ ግን ዝም ብላ አደገች። በዓመቱ ጫማ አላስገባም አለችኝ።

ወጌሻው «ወለምታ ነው» ብሎ በቅቤ አሸኝ። ጠበል ተጠመቅሁ። ማንኩሳ መርፌ ተወጋሁ፤ ትንሽ ጎደል አለና ተመልሶ አበጠ። ጎረቤቶቼ ፊት ለፊት አይናገሩም እንጂ «ዝሆኔ ነው» ይሉ እንደነበር አውቃለሁ። በእኛ አገር ዝሆኔ የያዘው ሰው ቤት ለልጅ ጋብቻ አይጠየቅም። በሰንበቴ ላይ ስቀመጥ እግሬን በጋቢዬ መሸፈን ጀመርሁ።

እርሻ ሲደርስ ሞፈር መያዝ አቃተኝ። በሬዎቼን አንሙት ጠመደ።

እኔ ከማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን ባዶ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ዘርግቼ አያለሁ። ሁለቱ በሬዎቼ፣ ቦራና ዳልቻ፣ ከእኔ ድምፅ ሌላ አይሰሙም እያልሁ እመካባቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ለአንሙት ጅራፍ ሳያስፈልጋቸው መዞር ጀመሩ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆሞ «እንዴት ያለ እርሻ ነው! ስማቸው፣ ወንድም አለህ!» ይለኛል። «ተመስገን» እላለሁ። አፌ ውስጥ ግን እሬት እሬት ይለኝ ነበር።

ማታ አንሙት ከእርሻ ሲገባ ይርገዱ ውኃ ይዛ ትወጣለች። እግሩን ሲታጠብ ታፈስለታለች። እግሩ በጭቃ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ግን ጤነኛ ነው፤ አምስት አምስት ጣት፣ ቀጥ ያለ ተረከዝ። የእኔን እግር በጨርቅ ስትጠቀልል ፊቷን ቅጭም አድርጋ ነው። አንድ ቀን አንሙት ምን እንዳላት እንጃ፣ ውኃውን እያፈሰሰች ከት ብላ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማኋት ዓመት አልፎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለቱን ንግግር እየተከታተልሁ መስማት፣ ዝም ሲሉም ዝምታቸውን መመርመር ሥራዬ ሆነ። «መደቡ ይጠብበኛል» ብዬ ያባረርኋት እኔው ሆኜ ሳለ ከልጄ ጋር መተኛቷን እንኳ በእሱ አመካኘሁት።

ቡሬ አንድ የግል ክሊኒክ ራጅ ያነሣል ሲባል ሰምቶ የወሰደኝ አንሙት ነው። ሐኪሙ ወጣት ነበር። እግሬን አገላብጦ አየ፤ ራጅ አስነሣኝ፤ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ ቆየና አስጠጋኝ።

«ይኸውልዎ፣ አጥንትዎ ለጊዜው ደህና ነው» አለኝ። «ይህ በዙሪያው ደመና የሚመስለው ያበጠው ሥጋ ነው። ግን አጥንትን ቀስ ብለው የሚበሉ በሽታዎች አሉ። ራጅ ላይ እስኪታዩ ወራት ይፈጃሉ። ከሦስት ወር በኋላ ይኸንኑ ፊልም ይዘው ይምጡ። ድጋሚ አንሥተን ሁለቱን እናስተያያለን።»

«ምን ይመስልዎታል?» አለው አንሙት።

«ሁለት ሦስት ነገር እጠረጥራለሁ። የአጥንት ቲቢ አንዱ ነው፤ ፈንገስም ሊሆን ይችላል። ሳላረጋግጥ ስም አልሰጠውም።»

ቀጠሮውን በካርድ ላይ ጻፈልኝ። እኔ ከዚህ ሁሉ ይዤ የመጣሁት «አጥንትዎ ደህና ነው» የምትለዋን ብቻ ነበር።

ሦስቱ ወር አለቀ። በቀጠሮዬ ዋዜማ ቤት ውስጥ ጋደም ብዬ ሳለሁ ይርገዱና አንሙት ከጓሮ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ድምፅ ያሳልፋል።

«ነገ ከሄደ አድሮ ነው የሚመለስ» አለች ይርገዱ። «እሱ ሳይመለስ ጉድጓዱን እንጨርሰው።»

«እትዬ፣ ቀስ ይበሉ፤ ይሰሙናል» አላት አንሙት። «ዛሬ ብጀምረው ይጠረጥራሉ።»

ሰው በቤቱ ውስጥ ታሞ ተኝቶ፣ ሚስቱና ወንድሙ ተንሾካሹከው ጉድጓድ ሲሉ ሌላ ምን ያስባል? ጤነኛ ልብ ያለው ብዙ ሊያስብ ይችላል። እኔ ግን ያሰብሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መቃብሬን።

በማግሥቱ አንሙት ከጎረቤት የተዋሳትን በቅሎ ጭኖ ደጃፍ አቆመ። ይርገዱ ስንቅ ቋጥራ፣ የራጁን ፊልም በነጠላ ጠቅልላ ይዛለች።

«አልሄድም» አልሁ።

«አያ፣ ቀጠሮዎ እኮ ነው» አለኝ አንሙት። ታላቁ ስለሆንሁ እንደ አባት ነው የሚጠራኝ።

«አጥንቴ ደህና ነው ተብያለሁ። ከዚህ ቤት ሊያስወጣኝ የፈለገ ካለ በግልጥ ይንገረኝ።»

ሁለቱም ተያዩ። መተያየታቸው ራሱ አቃጠለኝ። አንሙት የበቅሎዋን ኮርቻ ፈታ። ይርገዱ ስንቁን እንደያዘች ብዙ ቆመች።

ከአሥር ቀን በኋላ አንሙት ከቤቱ ጀርባ፣ ከበሩ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ መቆፈር ጀመረ። ጊዜው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደየቀበሌው እየገቡ ሽንት ቤት ቆፍሩ የሚሉበት ሰሞን ነበር። ጉድጓዱን በእንጨት ረበረበው፤ በጭቃ መረገው፤ ዙሪያውን አጠረው፤ ለእኔ ብሎም ግራና ቀኝ መደገፊያ ባላ ተከለበት።

«እስከ ቁጥቋጦው ድረስ እያነከስህ ስትሄድ አንጀታችን እየተቃጠለ ነው» አለችኝ ይርገዱ። «ቡሬ አድረህ ስትመለስ ድንገት ልናሳይህ ነበር የፈለግነው።»

ጉድጓዱ ይህ ነበር። ያን ዕለት «አጥፍቻለሁ» ብዬ በማግሥቱ ቡሬ ብሄድ ኖሮ ይህ ታሪክ አጭር ይሆን ነበር። አልሄድሁም። እውነቱን ማወቄ ቅናቴን አላበረደውም፤ አባሰው። ያርሳል፤ ይቆፍራል፤ ለእኔ ይራራል፤ በዚያ ላይ ደግ ነው። አንድ ክፉ ነገር ቢያደርግ በወደድሁ። ደግነቱን እንደ ስድብ ቆጠርሁበት። ሕክምና ሂድ የሚለኝ እሱ ስለሆነ ብቻ ሕክምናውን ጠላሁት። ይርገዱም በየሳምንቱ ትለምነኝ ነበር፤ በለመነችኝ ቁጥር እልኸኛ ሆንሁ።

እንዲህ እያልሁ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረው። እግሬ እየደደረ ሄደ። አንድ ቦታ ላይ ፈነዳና መግል ወጣ፤ ያ ሲደርቅ በሌላ በኩል ፈነዳ። ከመግሉ ጋር ጥቃቅን ጥቁር ፍሬ ይወጣ ጀመር፤ ባሩድ ይመስላል። ሽታው ቤቱን ሞላው። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ያልነበረው ሕመም መጣ፤ ጥልቅ፣ ከአጥንት የሚነሣ ሕመም።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ለክትባት ስትዞር ቤታችን ገባች። ከደምበጫ የመጣች፣ ዕድሜዋ ከሃያ ብዙ የማይዘል ልጅ ናት። ጨርቁን ፈትታ አየች። አፍንጫዋን አልያዘችም።

«አባቴ፣ ይህ ዝሆኔ አይደለም» አለችኝ። «ዝሆኔ እንዲህ ያለ ጥቁር ፍሬ አያወጣም። ራጅ ተነሥተው ያውቃሉ?»

ይርገዱ ከእኔ ቀድማ «አንድ ጊዜ» አለች።

«ድጋሚ አልተቀጠሩም?»

ልጅቱ አንዴ እኔን፣ አንዴ ይርገዱን አየችና ከጥቁሩ ፍሬ በንጹሕ ብልቃጥ አድርጋ ሰጠችን። «ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይሂዱ። ዛሬ ጣት ነው፤ ከቆየ ጉልበት ሊሆን ይችላል» አለችኝ። የፈራሁት ያኔ ነው። አንሙትን «አንተ ቤት ጠብቅ» አልሁትና ከይርገዱ ጋር ሄድሁ።

ፍኖተ ሰላም የአጥንት ሐኪሙ ከሌላ ከተማ በወር አንድ ጊዜ የሚመጣ ስለነበር የዚያን ቀን ያለው ሰው ብዛት አይጣል ነው። አግዳሚው ሞልቶ መሬቱም ሞልቷል። አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴትዮ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። የእግሬ ሽታ ሲደርስባቸው ይነሣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ «እግዚአብሔር ይማርህ፣ ልጄ» አሉኝ። ያቺ ቃል ከብዙ መድኃኒት ትበልጥብኛለች።

ከእሳቸው ቀጥሎ ከባሕር ዛፍ ላይ የወደቀ ሰው ተቀምጧል፤ እግሩ በጀሶ ታስሯል። «ሁለት ቦታ ተሰብሯል» አለኝ ፊልሙን ብድግ አድርጎ። «በሁለት ወር ይገጥማል ብለውኛል።» ምን እንደተሰማኝ ልናገር? ቀናሁበት። በተሰበረ እግር ቀናሁ። ስሙ ቀድሞ በተጠራ ሰው ሁሉ ቀናሁ። ሰው በቅናት ሲታመም ምን ያህል እንደሚወርድ ያየሁት እዚያ አግዳሚ ላይ ነው።

ራጅ የሚያነሣው ሰውዬ እግሬን ቀዝቃዛው ሳህን ላይ ሲያስተካክል ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ስለ ሽታው ማለቴ ነው። «የእኛ ሥራ ይኸው አይደል» አለኝና በእጁ ደግፎ አዞረው። «አሁን አይንቀሳቀሱ።» ሦስት ጊዜ በተለያየ ጎን አነሣኝ።

ሐኪሙ አዲሱን ፊልም ብርሃን ባለው ሰሌዳ ላይ ሰቀለ። ይርገዱ ከነጠላዋ ውስጥ የቡሬውን አውጥታ አቀበለችው። አንድ መጨማደድ አልነበረበትም። ከመደብ በላይ፣ ጭስ በማይደርስበት ቦታ አንጠልጥላ እንዳቆየችው ያን ቀን ነው ያወቅሁ። ሐኪሙ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አየ።

«ና ተመልከት» አለኝ። «በዚህኛው አጥንቱ ሙሉ ነው። ዳሩ ልሙጥ ነው። አሁን ደግሞ ይኸን እይ።»

አየሁ። አላነብም የሚል ሰው እንኳ ያነበዋል። ከትንሿ ጣቴና ከአጠገቧ ካለችው በስተኋላ ያሉት ረጃጅም አጥንቶች ነቀዝ እንደበላው በቆሎ ተቦርቡረዋል።

«እነዚህ ጥቋቁር ክቦች ባዶ ቦታ ናቸው» አለ ሐኪሙ። «እንደዚህ ያለ እብጠት በፈንገስም ይመጣል፣ በባክቴሪያም ይመጣል። ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ ትናንሽና ብዙ ቀዳዳ ነው የሚያወጣ። የአንተ ጥቂት ነው፤ ግን ትልልቅ ነው፤ ዳሩም የለየ ነው። ጥቁሩ ፍሬም አለ። ፈንገስ ይመስለኛል። በእሾህ ተወግተህ ታውቃለህ?»

ረስቼው የነበረው እሾህ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ፈንገሱ አፈርና እሾህ ላይ እንደሚኖር፣ እሾሁ ወደ ሥጋዬ ይዞት እንደገባ፣ ከሥጋ ወደ አጥንት በዓመታት እንደተሻገረ አስረዳኝ። ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍም ነገረን። ይርገዱ ይህን ስትሰማ ስለ ልጃችን በረጅሙ ተነፈሰች።

ከዚያ ሐኪሙ በሁለቱ ፊልሞች ላይ የተጻፈውን ቀን አይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«በእነዚህ በሁለቱ መካከል የት ነበርህ?»

አንገቴን ደፋሁ። ይርገዱ አጠገቤ ነበረች። «ሂድ ብንለው እምቢ ብሎ ነው» ማለት ትችል ነበር፤ እውነትም ነበር። «የእርሻ ሥራ ይዞት ነው» አለች። ማረስ ካቆምሁ ሁለት ክረምት አልፎኛል። አሳልፋ አልሰጠችኝም። ወጥተን ከግቢው ጥድ ሥር ስንቀመጥ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትሁ፤ ያወጣሁት ግን «ውኃ ስጪኝ» የሚል ነበር።

ከሥጋው ተቆርጦ ለምርመራ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ ፈንገስ መሆኑ ተረጋገጠ። መጀመሪያ ለወራት እንክብል ዋጥሁ፤ እብጠቱ እንዲጠብና ቢላዋው የሚቆርጠው እንዲቀንስ ነው አሉኝ። ከዚያ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። የተበላሸውን ሥጋ ጠረጉት፤ የተበላውን አጥንት ፋቁት፤ ሁለቱ ጣቶቼ ግን የሚድኑ አልነበሩም። «በጊዜው መጥተህ ቢሆን እብጠቷን ብቻ አውጥተን እንሰፋው ነበር» አለኝ ሐኪሙ። በቁጣ አልነበረም፤ እሱ ነው የከፋኝ።

በቀዶው በአራተኛው ቀን አንሙት ሆስፒታል መጣ። ይርገዱ ከእኔ ጋር ስለነበረች ልጄንም፣ ከብቱንም፣ የበርበሬ ለቀማውንም ብቻውን ይዞ ነበር። አቧራ ለብሶ፣ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንድ ነገር ሳይናገር ብዙ ቆየ። ከዚያ ተነሥቶ ሄደ። እኔ የታሰረውን እግሬን ሲያይ ምን ያህል እንደቀረልኝ የሚለካ መስሎኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

ቤቴ በተመለስሁ በወሩ «አያ፣ ልሄድ ነው» አለኝ። ሊበን አካባቢ አጎታችን አለ፤ የእሱን መሬት ምርቱን እኩል እየተካፈለ ሊያርስ ነው። ይርገዱ አልቅሳ ለመነችው። እኔ «እግዜር ያቅናህ» አልሁ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እንክብሉን አንድ ዓመት ዋጥሁ። መድኃኒቱ ጉበትን ስለሚጎዳ በየጊዜው ደም ይመረመራል፤ እሱንም አላጓደልሁም። ራጅም በየጥቂት ወሩ ተነሣሁ። አንድም ቀጠሮ አላለፈኝም። በሦስተኛው ፊልም ላይ የጉድጓዶቹ ዳር ነጭ ሆኖ ጠንክሮ ታየ። በአምስተኛው አዲስ ቀዳዳ እንደሌለ ሐኪሙ ነገረኝና እጄን ጨበጠኝ። አሁን ጫማዬ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቄ አርሳለሁ፤ ቁልቁለት ላይ ብቻ በትር እይዛለሁ።

እግሩ ላይ የማያም እብጠት ያለበት ሰው ይህን ካነበበ የምለው ይኸን ነው፤ አለማመሙን አትመኑት። መጀመሪያ የተነሣችሁት ራጅ ደህና ነው ቢልም ድጋሚ ኑ ከተባላችሁ ሂዱ፤ የፊተኛውንም ፊልም አትጣሉ። «ሂድ» የሚላችሁን ሰው ብትጠሉትም ሂዱ።

አንሙት ሊበን ላይ አግብቶ ወለደ። ለልጁ ክርስትና ተጠርቼ ሄድሁ። እንግዳው ከተበተነ በኋላ ሁለታችን ከአጥሩ ሥር ጥላ ይዘን ተቀመጥን። ከሄደ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። እንዴት እንደጀመርሁት አላውቅም፤ ሁሉንም ነገርሁት። ስለ እግር ውኃው፣ ስለ ይርገዱ ሳቅ፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ቡሬ ያልሄድሁት በእሱ ምክንያት ስለመሆኑ።

መሬቱን በጭራሮ እየጫረ ሰማኝ።

«አውቄው ነበር፣ አያ» አለኝ። «ግን እኔስ?»

«አንተ ምን?»

«እትዬን በክፉ ዓይን አይቼ አላውቅም፤ ማርያምን። ግን ያን ሁሉ ጊዜ በሬዎችዎን ስነዳ የራሴ ናቸው እያልሁ ነበር የምነዳ። ቤቱን ተመኝቼዋለሁ። ልጅቱ ‹አባባ› ብላ ብትጠራኝ ብያለሁ። እርስዎ ሆስፒታል ሳሉ አንድ ቀን በርበሬ ስለቅም ‹ባይመለሱስ?› አልሁ በሆዴ።» ጭራሮው በእጁ ተሰበረ። «ራሴን ፈራሁት። የለቀምሁትን ሜዳ ላይ ጥዬ፣ ልጅቱን ለጎረቤት ሰጥቼ በእግሬ ፍኖተ ሰላም መጣሁ። በሕይወት መኖርዎን ለማየት። ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት ማደር አልቻልሁም።»

ይቆጣል ብላችሁ የምትጠብቁት ሰው እኔ ነኝ። ቁጣ ፈለግሁ፤ አጣሁት። ያሳደግሁት ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ እንደ እኔው ታምሞ እንደነበር ብቻ ነው የታየኝ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት።

«እርስዎስ?» አለኝ።

ሚስቱ ከቤት ብቅ ብላ «ግቡ እንጂ፣ ቀረበ» አለችን። አንሙት ቀድሞ ተነሣና እጁን ዘረጋልኝ። ብቻዬን መነሣት እችል ነበር። ያዝሁት።